የላፕቶፑ ቀሚስ

«ያንን ጨርቅ ከየት አመጣኸው?»

ይርጋ ቀና አላለም። በግራ እጁ የተገለበጠ ላፕቶፕ ደግፎ፣ በቀኝ እጁ የጥገና ጠረጴዛውን አቧራ እየወለወለ ነበር።

«የቱን ጨርቅ?»

«እጅህ ላይ ያለውን!»

«ይሄን? ከዚሁ ከበሽተኛው ላይ ነው የገፈፍኩት። ምነው እህቴ፣ ፈለግሽው?»

ኤልሳቤጥ ጨርቁን ከእጁ መነተፈችው። ሁለት ወር ሙሉ በኪሮሽ የሠራችው ዳንቴል ነው። ቡናማ የሹራብ ክር፣ ዙሪያውን ነጭ አበባ፣ ጥጉ ላይ ደግሞ ፈልገው ካላገኙት የማይታይ አንድ ትንሽ «ኤ»። አሁን «ኤ»ው ላይ የብየዳ ጥላሸት አርፎበታል። የላፕቶፑ ባለቤት ናሆም «እስክሞት ከዚህ ላፕቶፕ ላይ አይወርድም» ብሏት ነበር። ሰውየው በሕይወት አለ፤ ዳንቴሉ ግን ወርዶ የወልድያ ጠረጴዛ ይወለውላል።

ወልድያ የመጣችው ዚፕና አዝራር ልትገዛ ነው፤ ለራሷም ያለችው እንደዚያ ነበር። ዚፕ ግን መርሳም ሞልቷል። ናሆም «ላፕቶፑ ይርጋ ዘንድ ተኝቷል» ብሏታል፤ መተኛቱን በዓይኗ ልታይ ነው የመጣችው። ጥርጣሬ የገባው ሰው ዚፕ መግዛት ያበዛል።

ኤልሳቤጥ መርሳ ላይ ልብስ ሰፊ ናት። ከአሥረኛ ክፍል ትምህርቱን ትታ መቀስ ጨበጠች፤ ከዚያ ወዲህ የሀብሩ ወረዳን ሙሽራ ግማሹን ያለበሰችው እሷ ናት ቢባል ብዙም አልተጋነነም። ናሆም ደግሞ ወልድያ ተወልዶ መርሳ የተመደበ የጂኦግራፊ መምህር ነው። አንድ ቀን የሱሪውን እግር ሊያሳጥር መጣ፤ አሳጠረችለት። በሳምንቱ ሌላ ሱሪ ይዞ መጣ። ሱሪው ሁሉ ካጠረ በኋላ ነው ነገሩ የሱሪ አለመሆኑን ሁለቱም ያመኑት።

እንቅፋቱ የናሆም እናት ወይዘሮ ንግሥት ናቸው። ወልድያ ላይ፣ ከይርጋ መጠገኛ ፊት ለፊት፣ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አላቸው። «ልጄን ያስተማርኩት ለልብስ ሰፊ አይደለም» ብለው አንድ ዓመት ከተሟገቱ በኋላ በጥምቀት ዕለት ቃል ሰጡት። «በየክረምቱ የምትመላለስበትን ማስተርስ ዘንድሮ ጨርስ፤ እኔው ራሴ ሽማግሌ ልኬ አስጠይቃታለሁ። ካልጨረስክ ግን ልብህ እሷም ላይ የለም ማለት ነው፤ ያን ጊዜ የፋርማሲዋን ፌቨንን ታገባለህ።» ናሆም እሺ አለ። የጥናት ጽሑፉ ደሴ ለተቀመጡት አማካሪው የሚደርሰው ሰኞ ጠዋት ነው። ዛሬ ቅዳሜ ነው።

ላፕቶፑ አዲስ አበባ ያለው የአጎቱ ልጅ ሲጠግበው የላከለት ነበር። መጀመሪያ «ጭኔን አቃጠለኝ» አለ ናሆም፤ ጭኑ ላይ ሰፌድ አድርጎ ይጽፍ ጀመር። ቀጥሎ «ጣቴን» አለ፤ ፊደሎቹን በእርሳስ ጫፍ ይጠቀጥቅ ጀመር። ኋላ ላፕቶፑ ራሱ በየሩብ ሰዓቱ ድርግም ማለት አመጣ፤ ድርግም ባለ ቁጥር ደግሞ የተጻፈውን ይዞ ይሄዳል። ሦስት ወር ሙሉ «የት ደረስክ?» ስትለው «ጋለብኝ» ይላታል። ማመን ፈልጋ ነበር። ግን ሌሊት ሌሊት፣ ብረት እንዴት ትኩሳት ይይዘዋል እያለች ስትገላበጥ ታድራለች። ምናልባት የጋለው ላፕቶፑ ሳይሆን የቀዘቀዘው ናሆም ቢሆንስ?

«ምኑ ነው የታመመው?» አለች አሁን፣ ድምጿን አለዝባ።

«አሁን የቀማሽኝ ነገር ነው ያሳመመው» አለ ይርጋ። የላፕቶፑን ጎን በዊንጩ ጫፍ አሳያት። «እነዚህን ቀዳዳዎች ታያለሽ? የሚተነፍስባቸው ናቸው። ራዲያተሩ ላይ ብርድ ልብስ ጠምጥመሽ አንድ የጭነት መኪና የድልብን ዳገት ብታስወጪው ምን ይሆናል? ይኸው ነው። ማን እንደሠራው እንጃ እንጂ ሥራስ ሥራ ነው፤ ነፋስ የሚባል አያሳልፍም!»

ማን እንደሠራው ኤልሳቤጥ ታውቃለች። ቴሌቪዥኑም ማቀዝቀዣውም ዳንቴል በሚለብስበት አገር ላፕቶፕ ብቻውን ራቁቱን መዋሉ ከንክኗት፣ ልኩን በሜትር ወስዳ፣ ዙሪያውን ላስቲክ አስገብታ፣ ለስክሪኑና ለፊደሎቹ ብቻ መስኮት ትታ ሰፋችለት። ጎኑ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች ስታይ ደግሞ የመርሳ አቧራ የሚገባው በዚህ ነው ብላ እዚያ እዚያው ላይ ክሩን ደረበችው። ሰው በሙያው ሲኮራ እንዲህ ነው፤ አንዲት ቀዳዳ አላመለጠቻትም።

«ባለቤቱ… ይሄን ያውቃል?»

«እንዴታ! የፋሲካ ሰሞን አምጥቶት ጠርጌለት፣ ‹ይሄን ልብስ አውልቅለት፣ አለዚያ ማራገቢያው ይቃጠላል› ብዬዋለሁ። አልሰማኝም። ይኸው ተቃጠለ። መለዋወጫው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ነው።»

የፋሲካ ሰሞን። አሁን ሰኔ ነው።

ኤልሳቤጥ ዳንቴሉን ደረቷ ላይ ይዛ ወጣች። ሁለት ወር ሙሉ እያወቀ ዝም አለ። የሚያቃጥለውን እያወቀ አቃጠለው። ሰው መጨረስ ካልፈለገ በቀር እንዲህ ያደርጋል? የወልድያ ፀሐይ አናቷ ላይ ነበር፤ እሷ ግን ብርድ ብርድ አላት።

ሚኒባሱ ውስጥ ሾፌሩ ካሳሁን በመስታወቱ አያት። «ኤልሱ፣ ዛሬስ ዚፑን ረሳሽው መሰለኝ?»

«ዝም ብለህ ንዳ።»

«ኧረ በሞቴ! ማን ነው ያስቀየመሽ? እንዳልደርብበት ብዬ ነው።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን መልስ አታጣም ነበር። አሁን በመስኮት ወደ ማሽላው ዞረች። መርሳ እስኪደርሱ ካሳሁን ሬዲዮኑን አልከፈተም፤ ካሳሁን ሬዲዮ ካልከፈተ ነገሩ ከባድ ነው።

ሱቋ ገብታ፣ የልብስ ልክ ከምትመዘግብበት ደብተር ወረቀት ገነጠለችና ጻፈች። ሦስት ጊዜ ቀደደችው። አራተኛው እንዲህ ይላል፦

«ናሆም፣ እንደምን አለህ። ላፕቶፕህን ያቃጠለው የእኔ ዳንቴል ነው አሉ። ይህን አላወቅሁም ነበር፤ ይቅር በለኝ። አንተ ግን ከፋሲካ ጀምሮ ታውቅ ነበር አሉ። ልትተወኝ ከፈለግህ ለምን በእጅ ሥራዬ አሳበብህ? ቁርጡን ብትነግረኝ እችለው ነበር። ሰኞ የሚያልፈው የአንተ ቀን ብቻ እንዳልሆነ ታውቃለህ። እኔ የቤትህን በር ከእንግዲህ አላንኳኳም። ኤልሳቤጥ።»

በሩን እውነትም አላንኳኳችም፤ በሥሩ አሾልካ ጣለችው። ከዚያ ወዲያ የእግር ኮቴ በሰማች ቁጥር መርፌው ጣቷን ሲወጋት ዋለ። ኮቴው ሁሉ የሌላ ሰው ነበር፤ ሲመሽ የሌላ ሰውም ኮቴ ቀረ፤ ዝምታው ከኮቴው ባሰባት።

እሑድ ቅዳሴ አልቆ ሱቋን ልትጠርግ ከፍታ ሳለ ናሆም በር ላይ ቆሞ አገኘችው። ዓይኑ አብጧል። በአንድ እጁ ላፕቶፑን በፌስታል አንጠልጥሏል፣ በሌላው ደብዳቤዋን ይዟል። የጣቶቹ ጫፎች በፕላስተር ታስረዋል።

«ትላንት አንቺ ከሄድሽ በኋላ ይርጋ ዘንድ ደረስኩ፤ ዳንቴሉ የአንቺ ሥራ መሆኑን ነገርኩት» አለ። «ወልድያ አድሬ ዛሬ ጠዋት ነው የተመለስኩት። ደብዳቤሽን አሁን አነበብኩት።»

«ጥሩ።»

«ጥሩ አይደለም። ልግባ?»

«ሱቅ ነው፤ ማንም ይገባል።»

ገባ። የደንበኛ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ኤልሳቤጥ መጥረጊያዋን አልለቀቀችም፤ የተጠረገውን ደግማ ጠረገችው።

«ታውቅ ነበር ወይስ አታውቅም?»

«አውቅ ነበር።»

መጥረጊያው ቆመ።

«ይርጋ የነገረኝ ዕለት አወለቅሁት» አለ ናሆም። «የዚያን ሳምንት ቅዳሜ መጣሽ። ገና ከበር መጀመሪያ ያየሽው እኔን አይደለም፤ ላፕቶፑን ነው። ራቁቱን ስታገኚው ፊትሽ ምን እንደሆነ አንቺ አላየሽውም፤ እኔ ነኝ ያየሁት። ‹ታጥቦ ነው› አልኩሽ። ትዝ ይልሻል?»

ትዝ አላት። ያን ቀን ኩራቷ ወደር አልነበረውም። ወንድ ልጅ ዳንቴል ሲያጥብ! ለጎረቤት ሁሉ አውርታዋለች።

«ማታውኑ መልሼ አለበስኩት።»

«እሺ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ አውልቀህ ጽፈህ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ብታለብሰውስ?»

የልጅ ፊት የመሰለ ነገር የናሆም ፊት ላይ መጣ።

«ይሄን አላሰብኩትም።»

«ማስተርስ ነው አይደል የምትማረው?»

ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ያዘችው። እሱ ግን አልሳቀም፤ የታሰሩ ጣቶቹን እያየ ቀስ ብሎ ተናገረ። «ደግሞም… ስጽፍ መዳፌ የሚያርፈው ዳንቴሉ ላይ ነው። አንድ ለአምስት ተብሎ ሲሰበስቡን ውለው ሲለቁን፣ ደክሞኝ፣ ብቻዬን፣ ስጀምር… አንቺን የያዝኩሽ ይመስለኛል። እና ይቃጠል አልኩ። ጣት ምን አላት?»

ኤልሳቤጥ ይህን ቃል ሌላ ቀን ብትሰማው ኖሮ ሳምንት ሙሉ ስታላምጠው ትከርም ነበር። አሁን ግን ንዴቷ ቀደመ፤ እንባዋም ከንዴቷ ጋር መጣ።

«ስማኝ! ሰው ልብስ ሰፍቼለት አንገቱ ሲይዘው ይነግረኛል። ‹ኤልሱ አነቀኝ› ይላል። እፈታዋለሁ፤ እንደገና እሰፋዋለሁ። የሙሽራ ቀሚስ በሠርጉ ዋዜማ ፈትቼ አውቃለሁ። አንድም ሰው ጠልቼ አላውቅም። አንተ ብቻ ነህ እያቃጠለህ ያመሰገንከኝ! እንዳይከፋኝ ብለህ ልታጣኝ? አንተ ሌላ ስታገባ እኔ ዳንቴሌን ታቅፌ ደስ እንዲለኝ ነው?»

«ኤልሱ…»

«ነገ አንድ ቤት ብንገባ፣ ወጡ ቢያቃጥልህም ዝም ልትለኝ ነው? እኔም ነገሬ ቢጎረብጥህ? የት ጋ እንደሚይዝህ ካልነገርከኝ በምን አውቄ እፈታዋለሁ?»

ናሆም ተነሣ። ሊያቅፋት ፈለገ፤ በሩ ክፍት፣ መንገዱም የሕዝብ ነው። ስለዚህ መጥረጊያውን ከእጇ ተቀብሎ ግድግዳው ላይ አስደገፈው። የዚያን ቀን ያ ለኤልሳቤጥ ከመታቀፍ የበለጠ ሆነላት።

«እነግርሻለሁ» አለ። «ከዛሬ ጀምሮ።»

«ጀምር። አሁን የት ጋ ያዘህ?»

«ሰባት ገጽ ቀርቶኛል። በእጄ ጽፌዋለሁ፤ መተየብ አቃተኝ። ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቶቹ የተመራቂ ወረፋ ይዘው እስከሚቀጥለው ሳምንት ወዲያ በሉ ብለዋል። ላፕቶፑ ደግሞ ማራገቢያ የለውም። ሩብ ሰዓት ይሠራል፤ ይጠፋል። ፊደሎቹ እንደ ምጣድ ናቸው። ካሳሁን ነገ ንጋት ላይ ደሴ ያደርሰኛል፤ እዚያው ይታተማል። ግን ምን ይዤ ልሂድ?»

ኤልሳቤጥ የተጠቀለሉትን ጨርቆች ከጠረጴዛው ገፋች። እኩል ቁመት ያላቸው አራት የክር ጥቅሎች መርጣ በአራቱ ጥግ አቆመችና ላፕቶፑን እላያቸው ላይ አስቀመጠችው፤ በሥሩ ነፋስ ያልፍ ጀመር። ከዚያም አግዳሚው ላይ ተቀምጣ እጅጌዋን ሰበሰበች።

«በል ፊደሉን እየጠራህ ንገረኝ።»

«አንቺ? ያቃጥልሻል!»

«በከሰል ካውያ አሥራ ሁለት ዓመት ተኩሻለሁ። ይሄ ለእኔ ጣት ለብ አይልም።»

እንግሊዝኛው ምን እንደሚል አልገባትም፤ ፊደል ግን ፊደል ነው፤ እሱ ይጠራል፣ እሷ ትፈልጋለች። መጀመሪያ አንዱን ቃል ለመጨረስ ዓመት ፈጀባት። ግን የልብስ ሰፊ እጅ ቦታ አይረሳም፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ ጣቶቿ ራሳቸው መሄድ ጀመሩ። አንድ ጊዜ ድርግም ብሎ ሁለት መስመር ሲያጠፋባቸው፣ ናሆም ራሱን ያዘ፣ እሷ ጠየቀች።

«እንዳይጠፋ ማሰሪያ የለውም?»

«ሴቭ የሚባል አለ። ይኸ ነው፣ እዚህ።»

«ታዲያ! እኔ ስፌት ስጨርስ ሁለቴ ወደኋላ መልሼ አስረዋለሁ። አንተ ሳታስር ነው እንዴ ክሩን የምትበጥሰው?»

ከዚያ ወዲያ በየመስመሩ አሰረችው። ሲጠፋ በኮሌታ መቁረጫው ካርቶን ያራግቡታል፤ ሲበርድ ይቀጥላሉ። ሲያራግቡ ትከሻቸው ይነካካል። አምስት ሰዓት ሆነ፣ ሰባት ሆነ። መብራት ይሄድብን ይሆን? አማካሪው ይቀበሉት ይሆን? ጣቷ ግን አልቆመም። ስድስተኛው ገጽ ላይ ጣቷ ለብ አለ፤ አልነገረችውም፤ ከዚያ ትዝ አላትና ነገረችው። «አሁንስ ያዘኝ።» ናሆም ጣቷን እፍ አለላት። ሰባተኛው ገጽ አለቀ። የቀረው የምስጋናው ገጽ ብቻ ነበር፤ ጥቂት መስመር።

በሩ ጨለመ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጃንጥላቸውን እንደ ምርኩዝ ይዘው፣ ወይዘሮ ንግሥት ቆመው ነበር።

«ይርጋ ነግሮኛል» አሉ ሰላም ሳይሉ። «ላፕቶፑን በጨርቅ አፍና የገደለችው ማን እንደሆነች ነግሮኛል። ከቅዳሴ ወጥቼ መኪና ስጠብቅ ቆይቼ ነው የመጣሁት። አንተ እዚህ ምን ታደርጋለህ?»

«አራግባለሁ፣ እማዬ» አለ ናሆም፣ ካርቶኑን እንደያዘ።

ሴትየዋ ልጃቸውን አዩ፣ ካርቶኑን አዩ፣ የሚጽፈውን እጅ አዩ። ኤልሳቤጥ አልተነሣችም። ለትልቅ ሰው፣ ያውም ለእሳቸው፣ አለመነሣት! ግን ላፕቶፑ ከበራ አሥር ደቂቃ አልፎታል።

«እትዬ ንግሥት፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች፤ ዓይኗ ከስክሪኑ፣ ድምጿ የሌላ ሰው እስኪመስላት ቀጥኖ። «ብነሣ ጊዜው ያልቅብናል። ሲግል ይጠፋል። ያቃጠልኩትም እኔ ነኝ፤ ዳንቴሉን ቀዳዳ ሳላስቀር የደፈንኩት በእጄ ነው። ሰባት ገጽ ነበር የቀረው፤ አሁን አንድ ነው። እሱን ልጨርስና የፈለጉትን ይናገሩኝ።»

ወይዘሮ ንግሥት አቧራውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ አድርገው አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«በሰንበት?» አሉ በመጨረሻ።

«የስፌት መኪናዋን አልነካችም፣ እማዬ» አለ ናሆም። «ስለመተየብ የተባለ ነገር የለም።»

«ቀጥሉ።»

ናሆም ጉሮሮውን ጠረገ። እንግሊዝኛውን ፊደል በፊደል እየጠራ፣ በየመስመሩ መጨረሻ ትርጉሙን ጮክ ብሎ ይናገር ጀመር፤ ለማን ብሎ እንደሆነ ግልጽ ነበር። «አማካሪዬን አመሰግናለሁ።» ኤልሳቤጥ ጻፈች፤ አሰረች። «እስከ ዛሬ ያስተማረችኝን እናቴን ወይዘሮ ንግሥትን አመሰግናለሁ።» ጻፈች፤ አሰረች። ወይዘሮ ንግሥት ጃንጥላቸውን ከቀኝ ወደ ግራ አዞሩ።

ቀጣዩን መስመር ሲጠራላት ቃሉን ከአሥረኛ ክፍል ታውቀው ነበርና ትርጉሙን ሳትጠብቅ ጣቷ አየር ላይ ቀረ።

«ባለቤቴን ኤልሳቤጥን…» አለ ናሆም።

«ይሄን አልጽፍም።»

«ለምን?»

«አይደለሁማ!» ዓይኗ ሞላ። «ሽማግሌ አልተላከ፣ አባቴ እሺ አላለ። ደሴ ድረስ በሚሄድ ወረቀት ላይ ያልሆንኩትን ነኝ ብዬ በገዛ እጄ ልጻፍ? ነገ ሳልሆን ቀርቼ ባነበው እኔ ምን ልሁን?»

«ተነሺ፣ እኔ እጽፈዋለሁ።»

«አትጽፈውም! ከእውነቱ በፊት አይጻፍም።»

የላፕቶፑ ሙቀት ከሥሩ ወደ መዳፏ ይወጣ ነበር፤ ደቂቃዋ እያለቀች እንደሆነ ሦስቱም ያውቃሉ። ናሆም ወደ እናቱ ዞረ። ኤልሳቤጥ መዞር አልደፈረችም፤ ጣቷን እንዳንጠለጠለች የገዛ ትንፋሿን ታዳምጥ ነበር።

ወይዘሮ ንግሥት ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከዚያም ከፊታቸው ላይ አንድም ነገር ሳይነበብ፣

«ጻፊው እንጂ!» አሉ። «ሲግል ይጠፋል አላላችሁም?»